የግልቢያ ፈረስ ከመግዛት በፊት ሊመረመር ስለሚገባው ነገር

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ፣ በተለይም የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ በሆነችው በዘመሮ አካባቢ፣ ለግልቢያ የሚሆን ፈረስ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን ምን ነገር መመርመር እንደሚገባው ማስረዳት ነው። እዚህ ላይ ፈረስ ስል የጭነት ወይም የጋሪ ፈረስ ማለቴ አይደለም። ለጉግስ፣ ለሠርግ አጀብና ለጥምቀት ግልቢያ ተብሎ የሚገዛውን፣ ባለቤቱ ከሩጫው በቀር ሌላ ብዙ ጥቅም የማይጠብቅበትን ፈረስ ማለቴ ነው። ለመንገድና ለምቾት የሚሻው ሰጋር በቅሎ ይገዛል፤ ቄሱም ሽማግሌውም ወይዘሮዋም የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ፈረስ ግን የጎልማሳ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የግልቢያ ፈረስ መግዛት በከተማ ልማድ ቢታይ ያገለገለ የስፖርት መኪና እንደ መግዛት ያለ ነገር ነው።

ንጽጽሩ ለጨዋታ ያህል የመጣ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ፈጣን መኪና የሚገዛ ሰው የሚያሠጉት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ መኪናው ተመትቶ በባቲላሜራና በስቱኮ የተስተካከለ እንደ ሆነ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት በወኔ ሲነዳው ፍሪሲዮኑን ጨርሶት እንደ ሆነ፣ ወይም ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩ እንዲሞቅ ተደርጎ የጧት ጢሱ ተደብቆ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ገዢ ሞተሩን በብርዱ ያስነሣል፤ ጢሱ ወደ ሰማያዊ ካደላ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ሆኖ ከቀጠለ ውሃ በጓርኒሲዮኑ በኩል ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይጠረጥራል፤ የሻንሲውንም ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያያል። በፈረስ ገበያም እነዚህ ማታለያዎች ሁሉ በየመልካቸው ይገኛሉ። የፈረስ ቆጣሪው ጥርሱ ነው፤ ጎማው ሰኮናው ነው፤ ሻንሲው ጀርባው ነው። የማይገኝለት ሊብሬ ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት የፈረስ ገዢ ከመኪና ገዢ ይልቅ በገዛ ዓይኑና በገዛ እጁ መታመን ግድ ይሆንበታል።

በመንዝ ፈረስ በቀላሉ የሚታይ ነገር አልነበረም። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር የሚባሉት ሦስቱ ክፍሎች ስማቸውን ያገኙት ከሦስት የጥንት አቅኚዎች ነው ይባላል፤ እያንዳንዱም በአንድ ቀን በፈረስ ጋልቦ ያካለለውን ያህል መሬት ተሰጠው እየተባለ ይተረካል። ትረካው ታሪክ ነው ብሎ ለመከራከር አልነሣም። ነገር ግን በዚህ አገር ሰው አስተሳሰብ የፈረስ ጉልበት የርስት መለኪያ ሊሆን የሚችል ነገር እንደ ነበረ ያሳያል። ባለቤቱም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦር ቃኘው የተባለው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ስለ ነበረ ነው።

ዛሬ በፈረስ የሚዘምት የለም። ይሁን እንጂ አንድ የመንዝ ገበሬ ወይም የገበሬ ልጅ ፈረስ ሲገዛ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከበጎቹ ሽያጭ ወይም ከጎተራው የሚወጣ ነው፤ በፈረሱ ቢታለል የሚጎዳው ቤተ ሰቡ በሙሉ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። የመንዝ ሜዳ ድንጋያማ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ወይም የፊት እግሩ የሚከዳው ፈረስ በሽምጥ ግልቢያ ላይ ሲወድቅ ጋላቢው የሚያርፈው በሣር ላይ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው የዋጋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ የምርመራው ሰዓትና ቦታ መታሰብ አለበት። ገዢ ቢቻለው ፈረሱን ከገበያው ቀን በፊት ባደረበት ቤት ሄዶ በማለዳ ይየው። በገበያ የሚቀርብ ፈረስ ከቤቱ ተነሥቶ ሰዓታት የተጓዘ ነው። በጥቂት የሚያነክስ እግር ደግሞ ሲሞቅ ሊፈታና ሊሻለው ይችላል፤ በማለዳ ከአደረበት ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሃያና ሠላሳ ርምጃዎች እንዴት እንደሚራመድ ያየ ሰው በገበያ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ካየው የበለጠ ያውቃል። ይህ ሞተርን በብርዱ ከማስነሣት የተለየ አይደለም። ፈረሱ ባደረበት ቦታ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ፤ ግንዱ ወይም የበሩ መቃን ተግጦ ከሆነ ፈረሱ እንጨት የመንከስ አመል አለው ማለት ነው፤ መሬቱ በፊት እግሩ ተቆፍሮ ከሆነ ታስሮ መዋል የማይወድ ወይም ሆዱን የሚያመው ሊሆን ይችላል።

ፈረሱ የግድ በገበያ የሚታይ ከሆነ ኮርቻው መውረድ አለበት። ሻጭ ፈረሱን በግላስና በጌጥ አሸብርቆ ያመጣዋል፤ ይህንም ማድረግ ነውር አይደለም። ነገር ግን ገዢው፣ «ጋሼ፣ እባክዎን ኮርቻውን ያውርዱልኝና ጀርባውን ልየው» ሲል ሻጩ በልዩ ልዩ ምክንያት የሚያዘገይ ከሆነ፣ ምክንያቱ ከግላሱ ሥር እንዳለ መገመት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥርሱ ይታለፋል። የፈረስ ዕድሜ በጥርሱ መታወቁን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ምኑ እንደሚታይ በትክክል የሚያስረዳ ሰው ጥቂት ነው። ፈረስ ከላይ ስድስት ከታች ስድስት የፊት ጥርሶች አሉት። የወተት ጥርሶቹ ትንንሽ፣ ነጫጭና በሥራቸው ቀጠን ያሉ ናቸው። መካከለኞቹ ሁለቱ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይወድቁና ትላልቆቹ ይተካሉ፤ ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳርና የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ይተካሉ። ስለዚህ በአምስት ዓመቱ የፈረስ አፍ ሙሉ ነው። በወንዱ ፈረስ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ክራንቻውም ይወጣል፤ በባዝራ ግን ክራንቻ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም ወይም ትንሽ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚታየው የጥርሱ ገጽ ነው። በአዲስ ጥርስ ራስ ላይ ጠቆር ያለ ጎድጓዳ አለ፤ ይህ ጎድጓዳ በታችኛው መንጋጋ ከመካከለኞቹ በስድስት፣ ከቀጣዮቹ በሰባት፣ ከዳሮቹ በስምንት ዓመት ገደማ እየተፋቀ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን በትክክል መናገር ያስቸግራል። የሚረዳው ምልክት በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር የሚጀምር ቦይ ነው፤ በአሥር ዓመት ገደማ ብቅ ይላል፣ በአሥራ አምስት እስከ ጥርሱ ግማሽ፣ በሃያ እስከ ጫፉ ይደርሳል። የሸመገለ ፈረስ ጥርሶቹ ከጎን ሲታዩ ወደ ፊት የተዘረጉ፣ የገጻቸውም ቅርፅ ወደ ሦስት ማዕዘን ያደላ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛው፣ በአጭርና በአሸዋማ ግጦሽ የኖረ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚያልቅ ከዕድሜው በላይ ሽማግሌ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የመንዝ ግጦሽ በበጋ ምን ያህል አጭር እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። ሁለተኛው፣ በሌላው ዓለም የፈረስ ነጋዴዎች የሽማግሌ ፈረስ ጥርስ ፈልፍለው በትኩስ ብረት በማጥቆር የወጣት ጎድጓዳ ያስመስሉ እንደ ነበር ተጽፏል። ይህ ኪሎሜትር ቆጣሪ ከመመለስ የሚለየው በመሣሪያው ብቻ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ጎድጓዳው ወጣት፣ የጥርሱ ቅርፅና ዝንባሌ ግን ሽማግሌ ከሆነ፣ ማመን የሚገባው ቅርፁን ነው። ለግልቢያ የሚሻለው በእኔ አስተያየት ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ያለው ነው። የሦስት ዓመት ፈረስ ርካሽና ቆንጆ ቢሆንም አጥንቱ ገና አልጠነከረም፤ በዚህ ዕድሜው ጉግስ የተጫወቱበት ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የሚወጣው በአዲሱ ገዢ እጅ ነው።

አሁን ወደ እግሩ እንመጣለን፤ ገዢው ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊያጠፋበት የሚገባው እዚህ ነው። ብዙ ሰው አንገቱንና ጋማውን ሲያደንቅ ይቆይና እግሩን በዓይኑ ብቻ አይቶ ያልፋል። ፈረስ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፤ ጋላቢ ሲጨመርበትና በቁልቁለት ሲሮጥ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ገዢው ጎንበስ ብሎ በእጁ ከጉልበቱ በታች ከኋላ በኩል የሚወርደውን ጅማት ከላይ እስከ ታች ይዳስስ። ጅማቱ ቀጥ ያለ፣ እንደ ተወጠረ ጠፍር የጠነከረና ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አንድ ስፍራ ላይ ሞቅ ያለ፣ ያበጠ ወይም እንደ ቀስት የጎበጠ ከሆነ ያ ጅማት አንድ ጊዜ ተጎድቷል፤ የተጎዳ ጅማት ቢድንም እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ሽምጥ ሲጋለብም ያው ቦታ እንደ ገና ሊከዳ ይችላል። ዋናው ዘዴ ግራውን ከቀኙ ማስተያየት ነው። ሁለቱም እግሮች አንድ ዐይነት ወፈር ካሉ ተፈጥሮው ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ብቻ ከወፈረ ግን ተፈጥሮ አይደለም።

በኋላ እግሩ በኩል መታየት ያለበት ቁርጭምጭሚቱ ነው። ጉግስ የሚጫወት ፈረስ በሙሉ ፍጥነት ሄዶ ባለበት ቆሞ መዞርን የሚማር ነው፤ ይህ ሁሉ ጫና የሚያርፈው በዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው። በቁርጭምጭሚቱ የውስጥ ጎን የበቀለ ደንዳና አጥንት ወይም ለስላሳ ውሃ የቋጠረ እብጠት መኖሩን በሁለት እጅ ይዞ መመርመር ያስፈልጋል። ውሃ የቋጠረው ብዙ ጊዜ መልክ ከማበላሸት አያልፍም፤ አጥንቱ ግን ብዙ ጊዜ ከማነከስ ጋር ይመጣል።

ሰኮናውን ለማየት እግሩን ማንሣት ግድ ነው። እግሩን ለማስነሣት የማይፈቅድ ፈረስ ራሱን የቻለ መልስ ሰጥቷል። የአገራችን ፈረስ አብዛኛው ብረት አይመታለትም፤ ስለዚህ ድንጋይ ለድንጋይ የሚያኬደው የሰኮናው ጥራት ብቻ ነው። ጥሩ ሰኮና ዙሪያው ለስላሳ፣ ከላይ እስከ ታች ያልተሰነጠቀ፣ ከሥሩም ጎድጎድ ያለ ነው። ከሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰኮና በጠጠር ላይ ይቆስላል። በመካከሉ ያለውን ባለሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል በእንጨት ጠረግ አድርጎ ማሽተት ይገባል፤ የበሰበሰ ሽታ ካለው ፈረሱ በእርጥብና ቆሻሻ ቦታ ሲያድር ኖሯል። ከፊት እግሮቹ አንደኛው ሰኮና ከሌላኛው ጠበብና ቆም ያለ ከሆነ ፈረሱ ያንን እግር ለረጅም ጊዜ ሲሸሽ መኖሩን ያመለክታል፤ ይህን ምልክት አንድ ቀን በማሳረፍ ማጥፋት አይቻልም።

ቀጥሎ ፈረሱ ያለ ጋላቢ በገመድ ተይዞ በሶምሶማ ይነዳ። መሬቱ ጠንካራ ይሁን፤ በለስላሳ ሣር ላይ ማነከስ ይደበቃል። ገመዱም ይላላ፤ ራሱን ጠብቆ የያዘ ሰው የራሱን እንቅስቃሴ ይሰውራል። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ደኅነኛው ሲያርፍ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ራሱን ዝቅ ያደረገበትን እግር የታመመው ነው ይላል። የኋላ እግር ሲሆን ከኋላ ቆሞ ሁለቱን ዳሌዎች ማየት ነው፤ በታመመው በኩል ያለው ዳሌ ከሌላው ይበልጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጠባቡ ማዞርና ጥቂት ወደ ኋላ ማስኬድም አይረሳ።

ጀርባውን በሚመለከት፣ ገጣባ ፈረስ መሆኑ በግልጽ የሚታይ ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። አስቸጋሪው የዳነው ነው። የኮርቻ ቁስል በተሻረበት ቦታ ጠጕሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ በዳማ ወይም በጉራች ፈረስ ጀርባ ላይ የሚታይ ነጭ ነቁጥ የቀድሞው ጋላቢ መዝገብ ነው። አንድ ሁለት ነቁጥ ለፈረስ ነውር አይሆንም። ነገር ግን በትከሻው ጉብታ ላይ ሲነካ የሚያመው፣ ያበጠ ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ቀዳዳ ካለ ቁስሉ እስከ አጥንት የዘለቀ ሊሆን ስለሚችል መተው ይሻላል። በጣት ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ከትከሻ እስከ ዳሌ እየተጫኑ መሄድ ነው። ደኅና ጀርባ በትንሹ ይለምጣል፤ የታመመ ጀርባ እስከ ጉልበቱ ይጎብጣል፤ ወይም ፈረሱ ዞር ብሎ ሊነክስ ይሞክራል።

ዓይኑ ባጭሩ የሚመረመር ቢሆንም መዘለል የለበትም። ፈረሱን ከጨለማ ቤት ወደ በር አምጥቶ ብሌኑ በብርሃን ሲጠብ ማየት፣ ሁለቱም ዓይኖች እኩል መከፈታቸውንና ደመና መሰል ነገር አለመኖሩን መመልከት ነው። ማየቱን ለመፈተን እጅን በኃይል ማወናጨፍ ምንም አያስረዳም፤ ዕውር ፈረስም የነፋሱን ስሜት ሰምቶ ዓይኑን ይጨፍናልና። ይልቅስ በማያውቀው ቦታ በመንገዱ ላይ እንጨት አጋድሞ በልል ገመድ ማሳለፍ ይሻላል።

ስለ ትንፋሹ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የመንዝ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ3000 ሜትር ገደማ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል፤ በቆላ ሲበር ያየነው መኪና በደጋ ዳገት የሚያቃስተው ስለዚህ ነው። ፈረስ ከመኪና የሚሻለው ራሱን ማላመድ መቻሉ ነው፤ በደጋ ተወልዶ ያደገው በዚያው አየር ይኖራል፤ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ግን ለመላመድ ሳምንታት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፈረሱ የት እንዳደገ መጠየቅ ወሬ መፈለግ አይደለም። ደኅና ፈረስ ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከስምንት እስከ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ልቡም በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። የልብ ምቱን በመንጋጋው ሥር ባለው የደም ሥር ላይ ጣት አድርጎ መቍጠር ይቻላል። ገዢው በመጀመሪያ ዐርፎ ሳለ ይቍጠር፤ ከዚያ ጥቂት አስጋልቦ ወዲያው ይቍጠር፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ይድገም። ትንፋሹ ሳይወርድ ከቆየ፣ አየር ሲያስወጣም ሆዱ በሁለት ጊዜ የሚገፋ ከሆነና በጎድኑ ግርጌ እንደ ቦይ ያለ መስመር ከታየ፣ ሳንባው በአቧራማ ገለባ የተጎዳ ነው። ይህ ጉዳት በንጹሕ አየርና በረጠበ መኖ ይታገሣል እንጂ ፈጽሞ አይድንም፤ በዝናብ ወራት ሣር ሲግጥ ይሰወርና ፈረሱ በበጋ ገለባ ሲበላ ይመለሳል። በክረምት የሚገዛ ሰው ይህን ያስብ።

ከበሽታ ወገን ሦስቱን ብቻ ላንሣ። በመንጋጋው መካከል ያበጠ እጢና ከአፍንጫው የሚወርድ ወፍራም መግል ያለው ፈረስ በፍጥነት የሚተላለፍ የጉሮሮ በሽታ ያለበት ሊሆን ስለሚችል፣ ርካሽም ቢሆን ከሌሎች ከብቶች ጋር አይቀላቀል። ሁለተኛው በእግርና በአንገት ላይ እንደ መቍጠሪያ ተከታትለው የሚበቅሉና የሚፈነዱ እብጠቶች ናቸው። ይህ በሻጋታ ዘር የሚመጣ በሽታ በወይና ደጋና ሞቃት ከተሞች በጋሪ ፈረሶች ላይ የተለመደ ነው፤ በብርዳማው ደጋ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ «ይህ ፈረስ ጋሪ ጎትቶ ያውቃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ መኪናው ታክሲ ነበረ ወይ ብሎ ከመጠየቅ ጋር አንድ ነው። ሻጭ አልጎተተም ቢል በደረቱና በትከሻው ላይ የጋሪ ማሰሪያ ያበቀለውን ነጭ ጠጕር መፈለግ ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው፤ ዝንቦቹም በሞቃትና እርጥብ ቦታ ይበዛሉ። ፈረስ በዚህ በሽታ ከበቅሎና ከአህያ ይልቅ ፈጥኖ ይሞታል። ደጋው የፈረስ አገር የሆነበት፣ ወደ ወንጪት ሸለቆ የሚወርደው ነጋዴም በቅሎና አህያ የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ለበሽታው ክትባት አለ፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራዋል። ፈረሱ ተከትቦ እንደ ሆነ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ አያሳፍርም።

ስለ መልኩ ብዙ ክርክር አለ። ዳማው ይሻላል፣ ቦቃው ይከፋል፣ ነጭ እግር ያለው እንዲህ ነው እየተባለ የሚነገረውን ሰምቶ ማለፍ እንጂ ዋጋ መጨመርም መቀነስም አይገባም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሰው የማይወደውን መልክ የያዘ ደኅና ፈረስ በርካሽ ስለሚገኝ፣ ይህ እምነት ለማያምንበት ገዢ ጥቅም አለው።

አሁን መጋለብ ይቻላል። በመጀመሪያ ኮርቻውን ሻጩ ራሱ ይጫን፤ ልጓሙንም ራሱ ያግባ፤ ራሱም ይውጣበት። ሻጭ ሊወጣበት የማይወድደውን ፈረስ ገዢ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ጠፍሩ ሲጠብቅ ሆዱን የሚነፋ፣ እግር እርካብ ሲነካ የሚነሣ ፈረስ በዚህ ጊዜ ይታወቃል። ገዢው ሲወጣ በርምጃ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ሶምሶማ፣ በመጨረሻ ወደ ሽምጥ። የሚሄድበትም አቅጣጫ ከፈረሱ ቤት የሚያርቀው ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሻጭ ብዙ ጊዜ ፈረሱን የሚያስፈትነው ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ወይም ከሌሎች ፈረሶች ኋላ ነው። ወደ ገለባውና ወደ ጓደኞቹ የሚመለስ ፈረስ ሰነፉም ይፈጥናል። ጓደኞቹን ትቶ ብቻውን ወደማያውቀው መንገድ በፈቃዱ የሚሄድ ፈረስ ግን ጋላቢውን የሚሰማ ነው። ለጉግስ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ከበሮና እልልታ ባለበት፣ ጃንጥላ በሚዘረጋበት ስፍራ አጠገብ ማሳለፍ ይገባል፤ በጸጥታ ሜዳ እንደ በግ የሚገራው ፈረስ በጥምቀት ቀን ደንባሪ ሆኖ ሕፃናት ያሉበት ሕዝብ መካከል ቢገባ ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ አይሆንም። ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ግን መሮጡ ሳይሆን መቆሙ ነው። በሽምጥ ላይ ሳለ ልጓሙ ለቀቅ ጠበቅ ተደርጎ ሲጠየቅ የሚቆም ፈረስ አፉ ደኅና ነው፤ በአፉ ዳር የጠነከረ ጠባሳ ያለው ግን በልጓም ብዙ የተጎተተ ስለሆነ ለመቆም ያስቸግራል።

ፈረሱ ካማረ የሚቀረው ውሉ ነው። ሊብሬ ስለሌለ ፈረሱ የሌላ ሰው ገንዘብ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው የታወቀ ዋስ ነው። ሻጩ ከሩቅ አገር የመጣ ከሆነ በዘመሮ ገበያ የሚያውቀው፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው ያቅርብ፤ የሽያጩም ወረቀት በእማኞች ፊት ይጻፍ፤ በወረቀቱም የፈረሱ መልክ፣ ነጭ ምልክቶቹ፣ ዕድሜውና የጠባሳዎቹ ቦታ ይገለጽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲኖርበት ያደርጋል፤ ነገር ግን ገዢው ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ወይም በግልጽ የሚታየውን በከባድ ቸልተኝነት ሳያይ ካለፈ በዚህ ዋስትና ሊጠቀም አይችልም፤ ዕቃውንም እንዳገኘ መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ ለጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን በኋላ ለሚነሣ ክርክርም ይጠቅማል። ሻጭ «አያነክስም፣ አይደነብርም፣ ጋሪ አልጎተተም» ያለው ቃል በገበያ አየር ላይ እንዳይቀር፣ ቢጻፍ ይሻላል። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ ይኖራል፤ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ለእርስዎም ለእኔም ነው» ማለት ይበቃል።

የተገዛውን ፈረስ በዚያው ቀን ወደ ቤት ለማሳየት ሲሉ ማስጋለብ መጥፎ ልማድ ነው። በርምጃ ይነዳ፤ ላቡ ሳይደርቅ በባና ወይም በሌላ ልብስ ይሸፈን፤ ውሃውንም ዐርፎ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። የቀድሞው ባለቤት ምን ያበላው እንደ ነበር ተጠይቆ መኖው በድንገት ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለወጥ፤ ድንገተኛ የእህል ብዛት የሆድ ቁርጠትን ያመጣበታልና። ቤት ውስጥ ሌላ ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ ካለ አዲሱ ፈረስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለብቻው ይታሰር፤ የሚጠጣበትም ገንዳ የተለየ ይሁን። በነዚህ ሳምንታት በየጧቱ መንጋጋውን መዳሰስ፣ አፍንጫውን ማየትና ከአደረበት ሲወጣ የመጀመሪያ ርምጃዎቹን መመልከት ያስፈልጋል፤ በገበያ ሞቅ ብሎ የተሰወረ ነገር ካለ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለሻጩና ለዋሱም ሳይዘገይ ሊነገር የሚችለው በዚሁ ጊዜ ነው።